የአባቴ ወንበርና የኮርኒሱ ቬንትሌተር

አባቴ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥበት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አንድ እግሩ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ያን ወንበር የጠላሁትን ያህል ሰው እንኳን ጠልቼ አላውቅም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ተመልሼ የግቢውን በር ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ወንበሩ አቮካዶው ሥር፣ አባቴ ወንበሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን እኔ ወደሰጠሁት ክፍል አዙሮ። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሁሉ "አባባ፣ ዛሬም ውጭ ነዎት?" ይለዋል። እሱም "ቤቱ ሞቆኝ ነው" ብሎ ይመልሳል። በሁለት ወር ውስጥ፣ የእኔ ቤት ምድጃ መሆኑን ያልሰማ የሆሳዕና ሰው የቀረ አይመስለኝም።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባታችንን ማን ይውሰድ በሚለው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣልተን ነበር። ወንድሜ ሾኔ ላይ እህል ይነግዳል። ሰፊ ግቢ፣ ሁለት ላሞች፣ ከጓሮ ደግሞ እንሰት አለው። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያለኝ አራት ክፍል የጭቃ ቤትና ክርክር ነው። በክርክሩ አሸነፍኩ። አባታችን አስም አለበት፣ ሆስፒታሉ ለእኔ ቤት ቅርብ ነው፣ ሾኔ ደግሞ ከሆሳዕና ይሞቃል፤ ይህን ሁሉ ለቀስተኛው ፊት ቆሜ እንደ ትምህርት አስረዳሁ። ወንድሜ ከንፈሩን ነከሰ። አባቴን ማንም አልጠየቀውም።

የካቲት ማለቂያ ላይ ወንድሜ ሊጠይቀው መጣና አቮካዶው ሥር አገኘው። ሰላም እንኳን ሳይለኝ "ሾኔ ይሞቃል ያልከው አንተ አልነበርክም?" አለኝ። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ "የቆርቆሮው ሙቀት ነው፤ ምንም አይደል" አለ። ወንድሜ ጣቱን አፍንጫዬ ላይ ቀሰረ። "የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ እመለሳለሁ። እንዲህ ውጭ ተጥሎ ባገኘው ልብሱን ጭኜ፣ አባቴን ይዤ እሄዳለሁ። ያኔ ፊዚክስህን ለራስህ ታስተምራለህ።"

ደሜ ፈላ። "ና! ቤት ውስጥ ጋደም ብሎ ካላገኘኸው ውሰደው" አልኩት። ቃሉ ከአፌ ወጣ፤ መመለስም አልፈለግኩም። አባቴን ለወንድሜ ከማስረከብ ጣራውን ገንጥዬ መጣል ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሼ መጣሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የአባቴ ክፍል ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታግላለች፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ አጥቶ ይፈላል፣ ኮርኒሱ ያን ሙቀት ወደ ታች ይለቃል። ለዘጠነኛ ክፍል በአንድ ፔሬድ የማስረዳው ነገር ነው። መፍትሔውም ያው ነው፤ ከጣራው ሥር ባለው የጎን ግድግዳ ላይ ቬንትሌተር አስገብቶ የጋለውን አየር ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ከአባቴ አልጋ በላይ ደግሞ ኮርኒሱን ቀዶ የክፍሉ አየር እንዲከተል ማድረግ።

ቬንትሌተሩን የገዛሁበት ሱቅ ባለቤት "ለመታጠቢያ ቤት ነው?" አለኝ። "ለጣራ ነው" አልኩት። "ጣራው ምን ሆነ?" ብሎ ሳቀ፤ አጠገቡ የቆሙትም ሳቁለት። ሆሳዕና ውስጥ ጣራውን የሚያናፍስ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዕቃውን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ ጠርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ድሮ ያስተማርኩት ተማሪ ነው፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። ግድግዳውን አየ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከፈተ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ቲቸር፣ ይህን መስመር ማን እንደሠራው አይታወቅም። ከላይ እስከ ታች ሳይፈተሽ ሽቦ አይቀጠልበትም" አለኝ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። በእኔ ትምህርት ሃምሳ ያልሞላለት ሰው ቤቴ ውስጥ ቆሞ ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስተምረኝ ነው የሰማሁት። ውጤቱን አስታወስኩት። ፒንሳውንና ካቻቢቴውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ "እሺ ቲቸር" ብሎ ወጣ። ባለቤቴ ከኩሽና በር ላይ ሆና ታየን ነበር። "ምን አደረገህ?" አለችኝ። "አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?" አልኳት። ወደምትሠራው ሹራብ ተመለሰች።

ባለቤቴ የሺንሺቾ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በከምባትኛ፣ እኔ በሀዲይኛ፤ እርስ በርሳችን የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ሹራብ ሠርታ ትሸጣለች፤ ኩሽና ውስጥ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ስትሠራ ትውላለች። ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ስታወራ አይቻት አላውቅም። በእኛ ቤተሰብ ምራት አማቷን ስሙን አትጠራም፣ ራሷን ሳትሸፍን ፊቱ አትቆምም፣ እሱ እያየ አትበላም። ምሳውን አቅርባ ትወጣለች። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ሰዎች በወር አሥር ቃል የሚለዋወጡ አይመስለኝም ነበር።

አሁን ቤቱን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም። ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ ያበቃሉ። ከኮርኒሱ በላይ ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጨለማ ባዶ ቦታ ነው። የአባቴ ክፍል ከኩሽናው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ኩሽናው ኮርኒስ የለውም። የአባቴ ክፍል ደግሞ በዚያው በኩሽናው በኩል አንድ ክንድ ያህል ቺፑድ ሳይመታለት ቀርቷል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ቺፑዱ አለቀብኝና ነገ እጨርሰዋለሁ እንዳልኩ ነው።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ በሙሉ በመቁረጥ አሳለፍኩት። ከአልጋው በላይ ኮርኒሱን በመጋዝ ስቀድ የስንት ዓመት አቧራ፣ የአይጥ ኩስና የሞተ ተርብ ፊቴ ላይ ወረደ። የጎኑን ቆርቆሮ ስቆርጥ መዳፌን ቀደደኝ። የቬንትሌተሩ ብሎኖች ከቀዳዳዎቹ ጋር አልገጥም አሉ። እያንዳንዱን ብሎን ተሳደብኩ፣ የፋብሪካውን ሰው ተሳደብኩ፣ ቤቱን የሠራውን አናጢ እስከ ዘር ማንዘሩ ተሳደብኩ። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። አንድ ጊዜ "ልጄ፣ ተወው፤ እኔ ተመችቶኛል" አለኝ። "ከተመቸህ ለምን ውስጥ አትቀመጥም!" ብዬ ከመሰላሉ ላይ ጮኽኩበት። ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

የሚቀረው ሽቦው ነበር። ረቡዕ ዕለት ጠዋት የአስተማሪዎች ስብሰባ ነበረን፤ ተሰርዟል ተባልንና አምስት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ቤት ማንም የለም። ባለቤቴ ገበያ፣ አባቴ ደግሞ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል። መሰላሉ በጓሮ በኩል እንደተደገፈ ነው። ከቬንትሌተሩ አጠገብ ለመግቢያ ብዬ ገንጥዬ በተውኩት ቆርቆሮ በኩል ገብቼ በሆዴ እየተሳብኩ ወደ ሽቦው መገናኛ ደረስኩ።

የመብራቱን ማጥፊያ አጥፍቼ ነበር። ማጥፊያው ከጠፋ ሽቦው ባዶ ነው፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። ይህን ቤት የሠራው ሰው ግን ማጥፊያውን ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ፌዝ ላይ ሳይሆን በሚመልሰው ኑትራል ላይ ቀጥሎታል። መብራቱ ይጠፋል፤ ሽቦው ግን ኤሌክትሪክ እንደተሸከመ ነው። ዋናውን ብሬከር ማውረድ ነበረብኝ። ቴስተሬን ጠረጴዛ ላይ ረስቼዋለሁ። ጣቴ ሲነካው ክንዴን እስከ ትከሻዬ አንቀጥቅጦ ወረወረኝና በጀርባዬ አግዳሚው እንጨት ላይ ተዘረርኩ። ያ ሃምሳ ያልሞላለት ልጅ ትክክል ነበር። የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ መሆኑ ከንዝረቱ በላይ አናደደኝ።

ልቤ እስኪረጋ እንደተጋደምኩ ቆየሁ። ከዚያ የግቢው በር ተከፈተ። ባለቤቴ ኩሽና ገብታ ዕቃ አስቀመጠች። ቀጥሎ የአባቴ ከዘራ ኮቴ ተሰማኝ፤ ወደ ክፍሉ ገባ፣ አልጋው ጮኸ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነበር። ሞቀኝ ብሎ ተነስቶ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

አልወጣም። "መጣሽ ልጄ?" አለ ከግድግዳው ወዲያ፣ በሀዲይኛ።

"መጣሁ አባባ። ለቅሶው እንዴት ነበር?" አለች ባለቤቴ፤ እሷም በሀዲይኛ። ሀዲይኛዋ እንደዚያ የሚፈስ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔን በቢሮ ቋንቋ ነው የምታናግረኝ።

አባቴ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጫማው ጠፍቶበት የሌላውን አጥልቆ እንዴት እንደሄደ ነገራት። እሷ ሳቀች። ከዚያ እሷ ስለ ልጅነቷ፣ ሺንሺቾ ላይ ከእናቷ ደብቃ ስለበላችው ቅቤ ነገረችው። አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁም። በእኔ ጣራ ሥር፣ ባልጨረስኩት ኮርኒስ በኩል፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ በየቀኑ ጠዋት እንዲህ ሲያወሩ ኖረዋል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ማንም ሞቀኝ አላለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። "እዚህ ነኝ" ብዬ መሳቅም እችል ነበር። አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ "አባባ፣ ስድስት ሰዓት አለፈ" አለች።

"እንግዲያው ወንበሬን ላውጣ" አለ አባቴ። አልጋው ጮኸ።

"ለምን አይነግሩትም? ቅዳሜ እኮ ደረሰ። ወንድሙ ይወስድዎታል።"

"ምን ብዬ ልንገረው? ሙቀት አይደለም፤ ልጄ ሲገባ ነው የምወጣው ልበለው? ከገባ እኮ መቆጣት ነው። መብራቱን ለምን አበራህ፣ በሩን ለምን አልዘጋህ፣ ጫማህን እዚህ ለምን አወለቅክ። ፊቱ ካልተቀመጥኩ አንቺንም አይቆጣሽም። ሙቀት ማለት ይሻላል። በሙቀት ማንም አይቀየምም።"

"እዚህ ቢቀሩልኝ ደስ ይለኛል" አለች።

"እኔም" አለ። "ከልጅነቱ ቁጡ ነው። እናቱ ብቻ ነበረች የምታውቅበት።" ከዘራው ወደ በሩ ሄደ።

አፈርኩ ብል ደስ ባለኝ። አላፈርኩም፤ ተናደድኩ። ልብስ አልብሼ፣ መድኃኒት እየገዛሁ፣ መዳፌን ቀድጄ ቬንትሌተር የማስገባለት ሰው እኔን ነው የሚሸሸው። ቴርሞሜትሩን አስታወስኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ቤቱ ይሞቃል፣ እኔ እመጣለሁ። አንዱን ብቻ ነው የለካሁት። ተማሪ እንዲህ ዓይነት ሙከራ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። በገባሁበት ቀዳዳ ወጣሁና በጓሮ ዞሬ፣ አቧራዬን አራግፌ እንደ ወትሮው በግቢው በር ገባሁ። አባቴ አቮካዶው ሥር ነው። ሳልጠይቀው "ሞቆኝ ነው" አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ብሬከሩን አውርጄ ሽቦውን ቀጠልኩ። ማጥፊያውንም ወደ ፌዙ መለስኩት፤ መጋጠሚያዎቹን በናስትሮ ጠቀለልኩ። የሠራሁት ከፍቅር አልነበረም፤ በእልህ ነው። ሙቀት ብለሃል፣ እንካ፣ ሙቀቱን አወጣሁልህ፤ እስቲ አሁን ምን ትላለህ? ሳበራው ቬንትሌተሩ አጉረመረመ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ክፍሉም በግማሽ ሰዓት ቀዘቀዘ። አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። "ጎበዝ! እግዜር ይስጥህ" አለ። ጥቂት ተቀመጠ፣ ጋቢውን ተከናነበ፣ ከዚያ "ትንሽ ንፋስ ልውሰድ" ብሎ ወንበሩን አንስቶ ወጣ።

ዓርብ ሦስተኛው ፔሬድ አልነበረኝም። መስረቅ እንደለመደ ሰው በጓሮ ገብቼ በአባቴ መስኮት ሥር ቆምኩ። ለምን እንደመጣሁ አውቃለሁ፤ ስለ እኔ የሚሉትን ልሰማ ነው። የሰማሁት ቬንትሌተሩን ነው። ጣራው በሙሉ ይጉረመረማል። በዚያ መሃል የባለቤቴ ድምፅ አንድ ነገር አለ።

"ምን አልሽ?" አለ አባቴ።

ደግማ አለችው።

"አልሰማሁም ልጄ!"

"ምንም አይደል አባባ!" ብላ ጮኸች።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ስለ እኔ የሚያወሩበትን ቀዳዳ ሳላስበው ደፍኜዋለሁ። ቆይታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ያጥፉት እንጂ!" አለችው። አባቴ የመለሰላትን እኔ ከመስኮቱ ሥር ስለነበርኩ በደንብ ሰማሁ፤ እሷ መስማቷን እንጃ። "ተይው። ድንገት መጥቶ ጠፍቶ ቢያገኘው ይከፋዋል። ደክሞበታል እኮ።"

በመስኮቱ ጥግ አየሁት። ሹራብ ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ በጠዋት ብርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ማጥፊያው ከእጁ አንድ ክንድ አይርቅም። አልነካውም። ጆሮውን ወደ ኩሽናው ግድግዳ አዘንብሎ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ተስፋ ቆረጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። መፍራቱን ያየሁት ያኔ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እኔን ፈርቶ በእኔ ቬንትሌተር ይበርደዋል። ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ የቀኑን የመጨረሻ ክፍል ሳስተምር አንድም ተማሪ አልተቆጣሁም፤ ታሟል ሳይሉኝ አልቀሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ክፍሉ ገባሁና ማጥፊያውን ተጫንኩት። ቬንትሌተሩ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ቤቱ እንደዚያ ፀጥ ሲል ለጆሮ ይከብዳል።

"ተበላሸ እንዴ?" አለ አባቴ ደንግጦ።

"አልተበላሸም። ስትፈልግ ታበራዋለህ፤ ካልፈለግክ ታጠፋዋለህ። ያንተ ነው።" ሌላም ልለው ያዘጋጀሁት ነገር ነበር። ይቅርታ የሚባለው ቃል ለእኔ ከባድ ዕቃ ነው፤ እስከ ጉሮሮዬ አምጥቼው መለስኩት።

የምወጣ አለመሆኔን አየና እጁን በሩ ጀርባ ወዳለው ወንበር ዘረጋ። ቀደምኩትና ወንበሩን አነሳሁ። "አንተ እዚህ ሁን። ዛሬ እኔ ነኝ የምቀመጥበት" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ኩሽናው ግድግዳ አየ። ከዚያ ደግሞ እኔን። ምን እንደገባው አልጠየቅኩትም። ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

አቮካዶው ሥር የፈተና ወረቀት ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥኩ። ወንበሩ አይመችም፤ ሽቦው እግር ይወጋል። አባቴ ሁለት ወር እዚህ ላይ ነው የተቀመጠው። ከውስጥ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ እዚያው ግቢ እንዳለሁ ያውቃሉና። ወረቀት ማረም ጀመርኩ፤ ምን እንደማርም አላውቅም። አራተኛው ወይም አምስተኛው ወረቀት ላይ ባለቤቴ "አባባ?" ስትል ሰማኋት።

"አቤት ልጄ" አለ።

ዞሬ አላየሁም። ወሬያቸው መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ከዚያ እየጎላ ሄደ። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ አልሰማሁም፤ ላለመስማት ወረቀቱን እያንኮሻኮሽኩ ገለጥኩ። ሄጄ መሃላቸው ልቀመጥ አማረኝ። ማማሩን ያህል፣ ብገባ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ የወንድሜ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ለፀብ ተዘጋጅቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ፤ ለአባቴ ልብስ ባዶ ማዳበሪያ ሳይቀር ይዟል። ወንበሩን አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ እኔን አየ።

"አባባስ?" አለኝ።

"ቤት ውስጥ ነው።"

"በዚህ ሙቀት?"

ከቆርቆሮው ሥር የአባቴ ሳቅ እስኪያስለው ድረስ ወጣ፤ የባለቤቴም ሳቅ ተከተለው። ወንድሜ ማዳበሪያውን እንደያዘ ቆሞ ሰማ። ቀስ እያለ ፊቱ ተፈታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ላቤን፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት፣ በሽቦ የታሰረውን የወንበር እግር ተራ በተራ አየ።

"እና አንተ እዚህ ውጭ ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

"ቤቱ ሞቆኝ ነው" አልኩት።